ዕድሉ ከመቶ ስንት ነው?

መስከረም 12

ለውድ የእህቴ ልጅ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ ግድግዳው ቆሟል፣ ማሽኖቹ ይጮኻሉ፣ እናትሽም ደህና ነች፣ ሰላም ትልሻለች። አንቺንም በሄድሽበት መንገዱን ያቅናልሽ፣ ክፉ ዓይን አይይሽ፣ የያዝሽው ሁሉ ይያዝልሽ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳንጻጻፍ መቅረታችን የማንም ጥፋት አይደለም። ሥራ ነው። አንቺም ሥራ፣ እኔም ሥራ። ስልክ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ አልወድም፤ በስልክ የተባለውን ነፋስ ይወስደዋል፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ግን ይቀመጣል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ልጄ አድጓል። አንቺ ስትሄጂ ከጠረጴዛ ሥር የጨርቅ ቁራጭ ይለቅም የነበረው ልጅ ዛሬ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ በስፌት ቤቱም ምክትሌ ሆኗል። ሜትር ከአንገቱ ስለማይለይ ሠራተኞቹ "ሜትሩ" ይሉታል፤ እኔም ለምጄዋለሁ። ይኸው ልጅ ታዲያ ያ አንደኛ ነው የሚሉት የንግድ ትምህርት ቤት ካልገባሁ ብሎ ምሏል። አምና አመልክቶ አልተቀበሉትም። ዘንድሮም ካልሆነ ማመልከቱንም ስፌት ቤቱንም እርም እላለሁ ብሎኛል። ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

አንቺ እዚያው ትምህርት ቤት ስድስት ዓመት የአመልካቾችን ወረቀት ስታነቢ ቆይተሽ፣ አሁን ደግሞ ሰዎች ከማመልከታቸው በፊት ዕድላቸውን የምትገምቺበት የራስሽ ቢሮ ከፍተሻል አሉ። አልገረመኝም፤ ድሮም የእኛ ዘር እኮ ነው። ፋይሉን ሙሉውን ልኬልሻለሁ፤ የፈተና ውጤቱ አለ፣ ድርሰቱ አለ፣ እኔ የጻፍኩለት የድጋፍ ደብዳቤም አለ። ዕድሉ ከመቶ ስንት ነው? ሳትደብቂ ንገሪኝ። ድካምሽን በነጻ አላስቀረውም።

አጎትሽ

(ማኅተም)

ጥቅምት 9

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኝልዎታለሁ። ስለ ምርቃቱ ፈጣሪ ያክብርልኝ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ሳይሆን ድርሰቱን ሰባት ጊዜ ስላነበብኩት ነው።

እንዳሉኝ ሳልደብቅ እነግርዎታለሁ። የሜትሩ ዕድል ከመቶ አራት ነው።

አይደንግጡ። የፈተና ውጤቱ ጥሩ ነው፣ እሱ አይጥለውም። የሚጥለው ሌላ ነው። የድጋፍ ደብዳቤውን የጻፉት እርስዎ ነዎት፤ አባት ልጁን ሲያሞግስ ማንም ጆሮ አይሰጥም። "አስተዋይ፣ ብልህ፣ ታማኝ፣ ትጉህ" ብለው አራት ቃል ደርድረዋል፣ አንድ ቀን የሠራውን አንድ ነገር ግን አልነገሩንም።

የባሰው ደግሞ ድርሰቱ ነው። ትምህርት ቤቱ "አንድ ሥራ ከምንም ተነሥቶ ሲገነባ ያየኸውን ንገረን" ይላል። ልጅዎ "አባቴ በአንድ መቀስና በአንድ አሮጌ ማሽን ከዜሮ ተነሥቶ ዛሬ አርባ ሠራተኛ ያስተዳድራል" ብሎ ጀምሯል። ጋሼ፣ በዓመት ሺህ ድርሰት ሳነብ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ሰው ያላየውን ሲጽፍ ከሩቅ እንደሚያስታውቅ ነው። ያ መቀስ ምን ይመስላል? የመጀመሪያውን የተማሪ ዩኒፎርም ማን ቆረጠው? ልጁ አያውቅም፣ ምክንያቱም ማንም አልነገረውም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ሜትሩ ደብተርና እርሳስ ይዞ ከስፌት ቤቱ ጀርባ ወዳለችው ክፍል ይግባ። እናቴን "ሥራው እንዴት ተጀመረ?" ብሎ ይጠይቃት፣ የምትለውንም እንዳለ ይጻፍ። እርስዎ አብረውት እንዳይገቡ።

"እናትሽ ሰላም ትልሻለች" ላሉት አመሰግናለሁ። እናቴ ግን በሕይወቷ እንዲህ ብላ አታውቅም። "በልታለች ወይ?" ነው የምትለው።

ስለ ክፍያው አያስቡ። ከእርስዎ የምፈልገው እሱን አይደለም።

ታዛዥዎ፣ የእህትዎ ልጅ

ጥቅምት 24

ለውድ የእህቴ ልጅ፣

ፈጣሪ ደጉን ሁሉ ያሰማሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኝ አንብቤ ሁለት ቀን በኪሴ ይዤው ዞርኩ። ከመቶ አራት! ምነው በሞትኩት! የተቃጠለ አምፖል እንኳ ነቅነቅ ሲያደርጉት ከዚያ የተሻለ ተስፋ አለው።

እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። የትልልቅ ሰዎች ትምህርት ቤት የእናትሽን ወሬ ምን ያደርግለታል? እናትሽ ዓይኗ ደክሟል፣ ቁልፍ የምትተክለው እንኳ በዳበሳ ነው። የድሮው ከዘንድሮው ይምታታባታል። መቀስ እንደሆነ መቀስ ነው፣ የማንም ቢሆን ይቆርጣል። የተኛ ነገር ቀስቅሶ ምን ይገኛል?

ይልቅ እዚያ አብሮሽ የሠራ ሰው አይጠፋም። ለአንዱ አለቃ አንድ ቃል ጣል ብታደርጊለት ምን ይጎድልብሻል? ወይም ድርሰቱን ራስሽ ቀባ ቀባ አድርጊው። ከቀለምና ከወረቀት ጋር ስትኖሪ አንድ ገጽ አያቅትሽም። ዘመድ ለመቼ ነው?

እናትሽ ሰላም ትልሻለች። በልታለች ወይ ትላለች።

አጎትሽ

(ማኅተም)

ኅዳር 8

ለተከበሩ አጎቴ፣

ቤትዎን ሰላም ያድርግልዎ። ለአለቃ ጣል የማደርገው ቃል የለኝም፤ የሰው ድርሰትም ቀብቼ አላውቅም።

መቀስ መቀስ ነው ላሉት ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ የማውቀው መቀስ የአውራ ጣቱ ቀለበት በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለ ነው፤ የእናቴን ጣት እየላጠ ስላስቸገራት ራሷ ጠቀለለችው። የመጀመሪያውን ዩኒፎርም የቆረጠችው በምንተኛበት አልጋ ላይ ነው፣ ጠረጴዛ ስላልነበረን። ያን ጊዜ እርስዎ ጨርቅ የሚሸከሙና ደንበኛ የሚያስቁ ሰው ነበሩ፤ ሲያስቁም ያውቁበት ነበር፣ አልክድም። ታፔላውን ያጻፋችሁት ሁለታችሁ ናችሁ፤ "ወንድምና እህት ልብስ ስፌት"። የእናቴ ዓይን ሲደክም ፈቃዱ በእርስዎ ስም ብቻ ታደሰ፣ ታፔላውም "ዘመናዊ ልብስ ስፌት" ሆነ። ቀለም ቀቢው ቆጥቦ ነው መሰለኝ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲመታው "እህት" የሚለው ቃል ከሥር ብቅ ይል ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቆሜ አየው ነበር።

ከዚያ ደግሞ የእኔው ደብዳቤ አለ። የረሱት እንደሆነ ላስታውስዎ። ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ ሦስት ዓመት ልክ ለካሁልዎ። የስድስት መቶ ተማሪ ትከሻና ወገብ በቃሌ ነበር የማውቀው። ያመለከትኩበት ኮሌጅ ትምህርቱን በነጻ ሊሰጠኝ ሲያስብ ከአሠሪዬ አንድ የታሸገ ደብዳቤ ብቻ ጠየቀ። ጻፉልኝ። በፖስታው መዝጊያ ከንፈር ላይ ማኅተም አሳርፈው "እንዳትከፍቺው፣ ከተከፈተ ይበላሻል" ብለው ሰጡኝ። እኔም እንደ ዕንቁላል ይዤው ሄድኩ። የኮሌጁ ሴትዮ ከፍታ አነበበችውና ወረቀቱን ቀስ ብላ ወደ እኔ አዞረችው። ሦስት መስመር ነው።

"ልጅቷ ታዛዥ ነች። ሥራዋ መላላክ ነው። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።"

ሦስት ሳምንት ቆይቶ "አልተቀበልንሽም" የሚል መልስ መጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ የሰው ቤት ልጠርግ ባሕር ተሻገርኩ። ይህን የማነሣው ለወቀሳ አይደለም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ፣ ለወቀሳ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ምርጫው የእርስዎ ነው። ሜትሩ ወደ ኋላ ክፍል ይገባል፣ አለዚያ ከመቶ አራት ላይ ይቀራል።

ታዛዥዎ፣ የእህትዎ ልጅ

ኅዳር 26

ለእህቴ ልጅ፣

ጤና ይስጥሽ። ያልሽው ሆነ፣ ደስ ይበልሽ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል ብዬ ላክሁት፣ አራት ቀን ከሰዓት በኋላ ተቀመጠ። ሁለት እርሳስ ጨረሰ። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌውን ቆራጫችንን ጠርቶ "እውነት ነው ወይ?" አለው። ይህ ሠላሳ ዓመት አብሮኝ የሠራ ሰው ዓይኔን እያየ "እሷ ነች ያስተማረችኝ፣ አንተን ጨምሮ ሁላችንንም" አላለም መሰለሽ? አንተን ጨምሮ! ልጄ ከዚያ ወዲህ ገበታ ላይ አያናግረኝም። ጨው አቀብለኝ ስለው እንኳ ጨዋታ የለ፣ ጨውን ብቻ።

ትናንት ምሳ ሰዓት ወጣ ብል መሰላል አቁሞ የታፔላውን ቀለም በሳንቲም ሲፍቅ አገኘሁት። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያያል። "ውረድ!" አልኩት። "'ት' ብቻ ነው የቀረችኝ" ብሎ ጨርሶ ወረደ። አዲሱ ድርሰት "በስፌት ቤታችን ታፔላ ላይ አንድ ቃል ተቀብሮ ነበር" ብሎ ነው የሚጀምረው። አንድ ልጅ ነበረኝ፣ እሱንም አስነሣሽብኝ።

ስለዚያ ወረቀት ደግሞ ምን ልበልሽ። አንቺ ብትሄጂ የስድስት መቶ ልጅ ልክ ማን ያውቅ ነበር? የእናትሽ ዓይን እንደሆነ እየደከመ ነበር። ቤቱ ይዘጋ ነበር። ክፋት አልነበረም፣ ጭንቀት ነው።

ለመሆኑ አሁን ከመቶ ስንት ሆነ?

አጎትሽ

(ማኅተም)

ታኅሣሥ 4

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምዎ ይብዛ። አዲሱን ድርሰት አነበብኩት፣ አንድ ጊዜ በቃኝ። የሜትሩ ዕድል ከመቶ አሥራ አምስት ደርሷል። ይህን ያደረገው እሱና እናቴ ናቸው።

የቀረው የድጋፍ ደብዳቤ ነው። የእርስዎን ከፋይሉ አውጥቼዋለሁ። አንደኛውን ቆራጩ ይጽፋል። ሁለተኛውን እኔ ጻፍኩት። ዘመድ መሆኔን በግልጽ አስቀምጫለሁ፤ ለዚያ ቤት የማዝን ዘመድ አለመሆኔንም እንዲሁ። ወዳጅ ቢያሞግሰው የሚሰማ የለም፣ ቂም ያለው ሰው የሚናገረው ግን ይመዘናል።

ደብዳቤው ከዚህ ጋር በተያያዘው ፖስታ ውስጥ ነው። ከንፈሩ ላይ ፈርሜበታለሁ። አድራሻው በሌላኛው ትልቅ ፖስታ ላይ ተጽፏል፤ ከጥር 10 በፊት እንዲደርስ አድርገው ይላኩት። ደንቡን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ ከተከፈተ ይበላሻል። አመልካች ስለ ራሱ የተጻፈውን ማየት ስለሌለበት ለሜትሩ አያሳዩት።

ምን እንደጻፍኩ አልነግርዎትም። ያን ጊዜ ለእኔም የነገረኝ የለም። በዚህ ፖስታ ምክንያት ዕድሉ ከመቶ ሠላሳ ሊሆን ይችላል፣ ዜሮም ሊሆን ይችላል። በእጅዎ ነው፤ እንደ ዕንቁላል ይያዙት።

ታዛዥዎ፣ የእህትዎ ልጅ

ታኅሣሥ 24

ለውዷ፣ ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣

ፈጣሪ ከፍ ከፍ ያድርግሽ፣ ጠላትሽ ከእግርሽ ሥር ይውደቅ፣ ቤትሽ ይሙላ፣ ስምሽ ይጠራ።

ፖስታው በሰላም ሄዷል። እጄ እንኳ አልነካውም ማለት ይቻላል። እንደመጣ ከትልቁ ፖስታ ከትቼ ራሴ ፖስታ ቤት ወስጄ፣ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ቆሜ አይቼ ነው የተመለስኩት። ምንም ሐሳብ አይግባሽ። የጻፍሽውም መልካም ነገር እንደሚሆን አልጠራጠርም፤ ደም ከውኃ ይወፍራል።

እናትሽ ደህና ነች። በልታለች ወይ ትላለች።

አክባሪ አጎትሽ

(ማኅተም፣ ሁለት ጊዜ)

የካቲት 27

ለእህቴ ልጅ፣

ከታኅሣሥ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጻፍኩልሽ፣ አንዱንም አልመለስሽም። ይህን ያለ ማኅተም ነው የምጽፈው።

ዋሽቼሻለሁ። ፖስታው አልሄደም።

ዘጠኝ ቀን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። በቀን አሥር ጊዜ እከፍተዋለሁ፣ መሳቢያውን ማለቴ ነው፣ አየዋለሁ፣ እዘጋዋለሁ። በስምንተኛው ቀን መስኮት ላይ ወደ ፀሐይ ያዝኩት። ከታጠፈው ወረቀት አንድ ቃል ብቻ ታየኝ፤ "ታዛዥ" ይላል። በቃ፣ ያችን የእኔን ሦስት መስመር መልሳ ለልጄ ጻፈችለት አልኩ። ይህን ፖስታ ልኬ ልጄን በገዛ እጄ ልቅበረው? ሳልልከው ብቀርስ?

በማግስቱ ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ የእንፋሎት ካውያውን ለኮስኩ። ሠላሳ ዓመት ስንት ሱሪ ተኩሼበታለሁ፣ አንድ ፖስታ ያቅተኛል? አቃተኝ። ፊርማሽ ቀለሙ ፈሰሰ፣ ከንፈሩም ተተረተረ። ማሽኑ አጠገብ ቆሜ አነበብኩት።

"ለዚህ ቤት መልካም የምመኝበት ምክንያት የለኝም፤ ስለዚህ ስለ ልጁ የምናገረውን እመኑኝ። ታዛዥ አይደለም። እውነቱን ባገኘ ጊዜ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ መንገደኛ እያየው፣ የአባቱን ታፔላ የፋቀ ሰው ነው። በስድስት ዓመት ካነበብኳቸው ሁሉ ከእሱ አስቀድሜ የማስገባው አላገኘሁም።"

ልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ በማጣበቂያ ልዘጋው ሞከርኩ፣ የታጠበ ጨርቅ መሰለ። ማን ይቀበለዋል? ደበቅሁት። ጥር 10ም አለፈ። ልጄ ጠዋት ጠዋት ውጤት መጣ አልመጣ እያለ ሲነሣ ፊቱን ማየት አቅቶኛል። በሌላ በር ነው የምወጣው።

ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፣ አልቻልኩም። ለእናትሽ ነገርኳት፤ ሌላ ለማን እነግራለሁ? ቁልፍ መትከሏን እንኳ አላቆመችም። "እሷ አንተን መሰለችህ?" አለችኝ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። እኔ እኮ እንዲያ እንኳ ልል አልችልም፤ እባቡ እኔው ነኝ። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው። ግን ልጁ ምን አደረገ? በእግርሽ እወድቃለሁ፣ ሌላ ጻፊለት። ለሰዎቹ የሆነ ሰበብ ንገሪልኝ፤ በእኔ ላይ አሳብቢ፣ አበደ በያቸው። ለእሱ ብቻ አትንገሪብኝ።

አጎትሽ

መጋቢት 29

ለተከበሩ አጎቴ፣

በምርቃት አልጀምርም፤ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ቀን አነበብኩት። በማግስቱም አነበብኩት፣ በሦስተኛውም ቀን። ጣፈጠኝ፣ አልዋሽም። ከዚያ ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ፤ እኔ ያን ጊዜ የኮሌጁን መልስ ስጠብቅ የቆየሁት ልክ ሦስት ሳምንት ስለነበር ነው።

አሁን ይስሙኝ። ያ ትምህርት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ በወረቀት መቀበል ካቆመ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ደብዳቤው ከጸሐፊው ኮምፒውተር በቀጥታ ይሄዳል። የእኔ የሄደው ያንን ፖስታ ለእርስዎ በላኩበት ቀን ጠዋት ነው። እርስዎ በካውያ የቀቀሉት ቃል በቃል እሱ ነው፣ ግልባጩ። ቆራጩም የራሱን በስፌት ቤቱ ጸሐፊ ኮምፒውተር ልኳል፣ ከእርስዎ መሳቢያ አምስት እርምጃ ርቀት ላይ። ሜትሩ ይህን ሁሉ ያውቃል። አንድ ቀን "የድጋፍ ደብዳቤ የሚላከው እንዴት ነው?" ብለው ቢጠይቁት ኖሮ ይነግርዎት ነበር።

ፖስታው የእርስዎ ነበር። ሥራዬ የአመልካች ዕድል መገመት ነውና ስዘጋው እርስዎንም ገመገምኩ። በአንድ በኩል ልጅዎን ይወዳሉ፤ ይህን አልክድም፣ በግምገማዬም ጽፌዋለሁ። በሌላ በኩል የሌላ ሰው ልጅ በታሸገ ፖስታ ውስጥ ምን ይዛ እንደሄደች ያውቃሉ። ያንን የጻፈ እጅ የማንንም ፖስታ ሳይከፍት ማለፍ አይችልም። ደብተሬ ላይ "ሳይከፍቱ የመላክ ዕድላቸው፣ ከመቶ ዜሮ" ብዬ ጻፍኩ። በሥራ ዘመኔ ዜሮ የሰጠሁት ለእርስዎ ብቻ ነው። አልተሳሳትኩም።

ሜትሩን ተቀብለውታል። ውጤቱ ከወጣ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። እናቴ ታውቃለች፣ ቆራጩ ያውቃል፣ ቁልፍ ቀዳዳ የምትሠራው ልጅ ሳትቀር ታውቃለች። እርስዎ ፊቱን ላለማየት በሌላ በር ሲወጡ፣ እሱ "ምን ሆነ ውጤትህ?" የሚለውን አባቱን ይጠብቃል። ዝም በል ያልኩት እኔ አይደለሁም። ካልጠየቀኝ አልነግረውም ያለው ራሱ ነው።

ያን የራሰ ደብዳቤ አይጣሉት። ወደ ኋላ ክፍል ይግቡና ለእናቴ ያንብቡላት፣ ሳይዘሉ። ሲጨርሱ እዚያው ክፍል ውስጥ ሜትሩን ያገኙታል፤ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ እዚያ ነው።

ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

የእህትዎ ልጅ